በረኪና የነካው ፔርሙዝ

ላሟን «መስኮት» ይሏታል። የምርምር ጣቢያ ላም ናት፤ ጎኗ ላይ ሆን ተብሎ የተበጀ፣ በጎማ ክዳን የሚዘጋ ቀዳዳ አላት። ተንከባካቢዋ ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ከፍቶ፣ እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ከጨጓራዋ ፈሳሽ ይቀዳል፤ ሳይበርድ በፔርሙዝ ይዞ ለተመራማሪዋ ዶክተር ያደርሳል። እንጀራው ይኸው ነው። ባልደረቦቹ «ጋሼ ጨጓራ» ቢሉት ምን ይገርማል?

ዶክተሯ ፈሳሹ ላይ የሱፍ ዘይት ጠብ ታደርግበታለች። ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ዘይቱን እንዳለ አይተዉትም፤ በቅባቱ ሰንሰለት ላይ ተራርቀው የነበሩትን ሁለት ድርብ የኬሚካል ማሰሪያዎች ጎን ለጎን ያመጧቸዋል። ወተት ውስጥ የሚገኘው ልዩ ቅባት መነሻው እዚያ ነው። ይህን ለሰው ሲያስረዳ ደረቱ ይነፋ ነበር፤ ልጁ አፍ አውጥታ እስክትናገር ድረስ።

«አባዬ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ እማዬ ትምጣ» አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው። «ጓደኞቼ… ሽታው…»

ከዚያ ወዲህ ከበረኪና ጋር ተወዳጀ። እጁን፣ የሚቀዳበትን ቱቦ፣ ፔርሙዙን ሳይቀር ያሽበታል፤ ሽታው እንዳይመለስ ብሎም በደንብ አያለቀልቀውም።

ብዙም ሳይቆይ ዘይቱ ምንም ሳይለወጥ እንደገባ መውጣት ጀመረ። ዶክተሯ ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ «ባክቴሪያዎቹ አልቀዋል፤ የመስኮት ጨጓራ ከእንግዲህ አይሠራም» አለች፤ ላሟም ለቄራ ተፈረደባት። እሱ ፔርሙዙን ታቅፎ ቆሞ ነበር። ገባው። የገደላቸው በረኪናው ነው። ግን በየትኛው አፉ ይናገር? «ባክቴሪያዎቹ ነፍስ ያላቸው ናቸው፣ ቀስ በሉ!» እያለ ሰው ሲቆጣ የኖረው እሱ ራሱ አይደል? ፔርሙዙን ይዞ ወጣ።

የቄራው መኪና መጣ። መስኮት ከእሱ ሌላ ለማንም ስለማትታዘዝ ገመዱን ለእሱ ሰጡት። መኪናው ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዷ እጁን ልትልስ ምላሷን አወጣች። በረኪናው ሲሸታት አስነጠሳትና ፊቷን አዞረች። ያኔ ገመዱን እንደያዘ ወደ ዶክተሯ ዞረ።

«ዶክተር፣ አታስጭኛት! ጥፋቱ የኔ ነው። ፔርሙዙን በበረኪና ሳጥብ ነው የከረምኩት።»

«ምን ነካህ? ለምን?»

«ልጄ አፈረችብኝ» ሊል ነበር፤ ዋጠው። «አፍሬ ነው» አለ።

«በምን?»

ገመዱን የያዘውን እጁን አየ። ልጁን ያሳደገው ይኸው እጅ ነው።

ዶክተሯ መኪናውን ባዶውን ሸኘችው፤ እሱም መስኮትን ወደ በረቷ መለሳት። ማታ በረኪና ሳይነካ ቤቱ ሲገባ እንደ ድሮው ጨጓራ ጨጓራ ይሸታል። ልጁ ልትስመው ብድግ ስትል ሽታው እንዳይደርሳት ቀድሞ ፊቱን ያዞረው እሱ ነበር።