ሄስሎፕ ያላወቀው ባሮ ሽንኩርት

ከትበርት ሄስሎፕ በሰሜን እንግሊዝ በዱርሃም የከሰል መንደሮች ሁሉ እንደሱ ያለ የባሮ ሽንኩርት አብቃይ የለም ይል ነበር። ጎረቤቶቹም እያንዳንዳቸው ስለራሳቸው እንዲሁ ስለሚሉ ማንም ማንንም አይሰማም። ዕድሜውን መሬት ሥር ከሰል ሲቆፍር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ቁፋሮ የሰለቸው የመሰላቸው የዋሆች ነበሩ። በማግስቱ አካፋውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ አትክልት መደቡ ወረደ።

በዚያ መንደር የሚስቱን የልደት ቀን የረሳ ባል ይቅር ይባላል። ሽንኩርቱ የከሳ ግን ከሰል ቆፋሪዎች በሚሰበሰቡበት ክበብ ውስጥ ቢራውን ብቻውን ይጠጣል። መስከረም ላይ ትልቁ ሽንኩርት የሚሸለምበት የውድድሩ ቀን ሲቃረብ ሽማግሌዎቹ ከሚስቶቻቸው ተለይተው ሽንኩርታቸው አጠገብ ያድራሉ። ቢላዋ ይዞ የሚመጣ ምቀኛ አይታጣማ! ለሽንኩርቱ የሚያጠጡትንም ነገር ለንስሐ አባት እንኳ አይናዘዙም።

የከትበርት የቅርብ ምቀኛ ራልፍ ቱሊፕ ነበር፤ ከመተላለፊያው ማዶ ትይዩ ያለው መደብ ባለቤት፣ በአጥር ላይ ስድብ እየተለዋወጠ አብሮት ያረጀ ሰው።

በውድድሩ ጠዋት ከባሕሩ ጭጋግ ተነሥቶ መንደሩን ዋጠው። ከትበርት ሁልጊዜ የሚገባበት የላይኛው በር ላይ ደግሞ ለጡረተኞች የሚታደለው ከሰል ተራግፎ ተከምሯል። ስለዚህ በሕይወቱ ረግጦት በማያውቀው በታችኛው በር ገባ። ገባና እንደ ልማዱ በስተግራ ሦስተኛው መደብ ጋ ቆመ። ከዚያኛው በር ለሚመጣ ሰው በስተግራ ሦስተኛው የቱሊፕ መሆኑን ያኔ ማን ይንገረው? መደቡን ያጠረው ሳንቃ ያው ከማዕድኑ ጉድጓድ የመጣ ሳንቃ ነው፤ ሽንኩርቱን የሸፈነው ጆንያም ያው ጆንያ።

ሁለቱን ምርጥ ነቀለ። ቤቱ ወስዶ ለብ ባለ ውኃ አጠባቸው፤ በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ክበቡ ወሰዳቸው። አንደኛ ወጡ። ሽልማቱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር።

ቱሊፕ እያለከለከ ደረሰ። "እነዚያ የኔ ናቸው።"

"ጭጋጉ ዓይንህ ውስጥ ገብቷል፣ ሂድ ታጠብ" አለው ከትበርት።

ተያይዘው ወደ መደቡ ወረዱ። ጭጋጉ ተገፍፏል። የከትበርት ሽንኩርቶች በገዛ መደባቸው፣ በገዛ ጆንያቸው ሥር ተኝተዋል፤ አነስ ብለው። በውድድሩ አራተኛ የወጣው ፖሊስ በከትበርት ላይ የስርቆት ክስ ጻፈ። የፖሊሱ እጅ ሲጽፍ ምን ያህል እንደፈጠነ ያየ ሁሉ አልረሳውም።

የከትበርት ጠበቃ ወይዘሪት ፕሪስትማን ወጣት ናት። ጠበቆች ሕጉን ማንም እንዳይገባው በሞተ የሮማ ቋንቋ ነው የሚጠቀልሉት፤ እሷ ግን ገልጣ ነገረችው።

"አቶ ሄስሎፕ፣ ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል። እጅዎ ምን ሠራ? እጅዎ ሲሠራስ አእምሮዎ ምን ያውቅ ነበር? ሁለቱ ካልተገናኙ ሌብነት የለም። እጅዎ የሰው ንብረት ነቅሏል፣ አይካድም። አእምሮዎ ግን የራሴ ነው ብሎ ከልቡ ካመነ ነፃ ነዎት። እምነቱ የሞኝ እምነት ቢሆን እንኳ ግድ የለም፣ እውነተኛ ይሁን እንጂ።"

"እና ምን ልበል?"

"የራሴን ሽንኩርት ከሰው ሽንኩርት መለየት አቃተኝ ይበሉ።"

ከትበርት ተነሥቶ ቆቡን አጠለቀ። "የኔ ልጅ፣ እስር ቤቱ ሽንኩርት ያስተክላል?"

ማታ ሚስቱ ኤልሲ ድንች እየላጠች ጠበቀችው። "ሌባ ከተባልክ የአትክልተኞቹ ማኅበር መደቡን ይነጥቅሃል።"

"ይንጠቅ። እንጨት መሰልኩሽ እንዴ እኔ? ገና ከቡቃያነቱ ጀምሮ የማውቀውን ሽንኩርት አላወቅሁትም ልበል?"

"መደቡን ከተነጠቅህ ቀኑን ሙሉ ቤት ትውላለህ። ያን ጊዜ ወንጀል የምሠራው እኔ ነኝ። እጄም አእምሮዬም ይስማማሉ፣ ለጠበቃህ ንገራት።"

በችሎቱ ቀን ክበቡ ባዶውን ቀረ፤ ሰው ሁሉ ፍርድ ቤት ነው። ያለ ደመወዝ ከሚፈርዱት ከሦስቱ የአገር ሰዎች መካከል ባርኔጣ ነጋዴዋ ሴትዮ ሰብሳቢ ሆና ተቀመጠች። የፖሊስ ጠበቃ ተነሣ፤ ክስ ይሁን ውዳሴ ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ ያወርደው ጀመር።

"ይህ ሰው ተራ ሰው አይደለም። በዚህ አውራጃ ከእሱ የሚስተካከል የሽንኩርት ዐዋቂ የለም። አባት ልጁን እንደሚያውቅ ሽንኩርቱን ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው ተሳሳተ ብለን እንመን?"

ከትበርት በየዓረፍተ ነገሩ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል።

"አይነቅንቁ" አለች ፕሪስትማን በሹክሹክታ።

"እውነቱን እኮ ነው የሚናገረው።"

"ለዚህ ነው አይነቅንቁ ያልኩዎት።"

ከትበርት ተራው ደርሶ ቆመ። የፖሊስ ጠበቃው ፈገግ አለ። "በጭጋግ ተሳሳቱ እንበል። ወጥ ቤትዎ ውስጥ ግን ጭጋግ የለም። ሲያጥቧቸው የሰው መሆናቸውን አላወቁም? ያን ጊዜ አውቀው ዝም ካሉ ሌብነቱ እዚያው ገንዳ ላይ ተጀምሯል።"

ቱሊፕ ፊተኛው ወንበር ላይ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። "እንዴታ፣ ገና ስነካቸው ነው ያወቅሁት" የሚለው ቃል የከትበርት ጥርስ ሥር ደርሷል። አንዲት ቃል ተናግሮ ሊቅም ሌባም መሆን ይችላል። መደቡን አሰበ፤ አባቱ በአካፋው ጀርባ እየደቆሰ ያለሰለሰውን ጥቁር አፈር።

"አላወቅኋቸውም" አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከትበርት ዞሮ አላየውም።

"የምተክለው የአባቴን ዘር ነው። እሱ እንደዚያ ያለ ሽንኩርት ያበቅል ነበር። ከሞተ ወዲህ እኔ አልሆነልኝም። ሳጥባቸው በመጨረሻ ተሳካልኝ ብዬ ኤልሲን ጠርቼ አሳየኋት። የሰው ይሆናሉ የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ አልዞረም። እንደዚያ ማብቀል እችላለሁ ብዬ አምን ነበር።" ቀጠለና፣ "አሁንም አምናለሁ" አለ።

ቱሊፕ ብድግ አለ። "የኔ ሽንኩርት ከሱ ይበልጣል ማለቱ ይመዝገብልኝ።"

"ይቀመጡ" አለች ሰብሳቢዋ።

ሦስቱ ወጥተው ተመለሱ። እጁ ነቅሏል፣ አለች ሰብሳቢዋ፤ አእምሮው ግን አልሰረቀም። ነፃ ነው።

ደረጃው ላይ ቱሊፕ ደረቱን ነፍቶ ጠበቀው። "ይህችን ቃል ካንተ አፍ ሳልሰማ የምሞት መስሎኝ ነበር።"

"ያንተ ሽንኩርት በስብሶ ባለቀበት ክረምት ቡቃያውን በአጥር ላይ ያቀበለህ ማነው?"

ቱሊፕ ጫማውን አየ። "አንተ ነህ።"

"የማን አባት ዘር ነው?"

"ያንተ። እጁ ግን የኔ ነው።"

"እጅማ ብቻውን ዋጋ እንደሌለው ዛሬ ሕጉ ነገረህ" አለና ከትበርት አለፈው።

የማጠቢያ ማሽኑ ቱሊፕ ቤት ገባ፤ ኤልሲም የእጅ አጠባዋን ቀጠለች። ከትበርት ግን ቤቱ ሳይደርስ በቀጥታ ወደ መደቡ ሄደ። የላይኛው በር ላይ አዲስ ከሰል ተራግፏል። ታችኛውን በር ዞር ብሎም አላየውም። በክት ልብሱ፣ በተወለወለ ጫማው፣ ክምሩን ወጥቶ ወረደ፤ በስተግራ ሦስተኛው መደብ ላይም ቆመ።