ወራጅ አለ

ልብስ ሰፊው ዝምተኛ ነው። የሰፈሩ ሰዎች «የሰው ልብስ ሲሰፋ የራሱንም አፍ አብሮ ሰፍቶታል» ይሉታል። ከከተማው ዳር ካለው መንደራቸው ሥራ ለመሄድ ሁለት አውቶቡስ መያዝ ግድ ነው፤ አንዱ እስከ መጋጠሚያው፣ ሌላው ከዚያ ወዲያ። መጋጠሚያው ላይ አውቶቡሱ የሚቆመው «ወራጅ አለ» የሚል ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲመላለሱ ይህን የምትለው ሚስቱ ነበረች። የእሱ ሥራ ተከትሏት መውረድ ነበር።

ከሞተች ሁለት ወር ሆናት። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊው መጋጠሚያውን በመስኮት እያየ ያልፈዋል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወርዶ የመጣበትን በእግሩ ሲመለስ ሁለተኛው አውቶቡስ ሄዷል።

የስፌት ቤቱ ባለቤት በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት ናት። ታግሣ ታግሣ «ጋሼ፣ ነገም ካረፈዱ ማሽኑን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ቃሉን ለባልዲው ሦስት ጊዜ ነገረው። ባልዲ ዞሮ ስለማያይ ቀላል ነበር።

አውቶቡሱ ወደ መጋጠሚያው ሲቃረብ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮው የለመደውን እንዳለ ለቀቀው፤

«ሁለት ወራጅ አለ!»

አውቶቡሱ ቀጥ አለ። ልብስ ሰፊው ወረደ። ረዳቱ በሩን ይዞ ወደ ውስጥ አየ።

«ሁለተኛው ማነው? ቶሎ በሉ እንጂ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ «እኔን ምን ታዩኛላችሁ? እንደ ሁለት ብቆጠርም የምወርደው መጨረሻ ነው» አሉ።

ሊሄድ ሞተሩን ወዳስነሳው ሁለተኛ አውቶቡስ ረዳቱ አፏጨና «ጠብቅ፣ ሁለት ሰው አለህ» ብሎ ጮኸ። ልብስ ሰፊው እያለከለከ ተሳፈረ። ሹፌሩ ግን በሩን አልዘጋም።

«አባባ፣ ሌላኛው ሰው የታለ?»

«ሚስቴ ናት። ቀድማኛለች።»

«ባለፈው አውቶቡስ ነው የሄዱት?»

«አዎ፣ ባለፈው ነው።»

«ታዲያ ምን አስቆመን? እንድረስባቸው እንጂ» ብሎ ሹፌሩ በሩን ዘጋ።

«ቀስ ብለህ ንዳ፣ ልጄ» አለ ልብስ ሰፊው።

ስፌት ቤቱ ሲደርስ ባለቤቲቱ ገና ቁልፉን እየከፈተች ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን ተገኘ? በሰዓቱ መጡ።»

«ወረድኩ» አላት።

ቀሪውን ልትሰማ ቆማ ጠበቀች። እሱ ግን ገብቶ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ መርፌው ውስጥ ክር እያስገባ ነበር።