ጽዋው ማድ ቤት የዋለ ዕለት

ደብረ ታቦር ሰው ቤት ተቀጥሬ፣ ማታ ማታ ሰባተኛ ክፍል በምማርበት ጊዜ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ ነበርኩ። ማኅበሩን የመሠረቱት በሰው ቤት ሥራ እንጀራቸውን የሚበሉ ሴቶች ናቸው። በሰማይ እኩል ነን ይባላል፤ በምድር ግን ደረጃ ነበረን። ከአረብ አገር ሠርተው የተመለሱት ከላይ፣ ተከራይተውም ቢሆን የራሳቸው በር ያላቸው ልብስ አጣቢዎችና እንጀራ ጋጋሪዎች ከመካከል፣ አሠሪ ቤት የምናድረው ደግሞ ከታች።

ችግሩ ጽዋው የሚጠጣው በተረኛዋ ቤት መሆኑ ነው። እኔ ቤት የለኝም፤ ሁለት ጊዜ ተራዬን አሳለፍኩ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን፣ ሁላችንንም በዕድሜ የሚያስከነዱ ልብስ አጣቢ ናቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ካለፈኝ ቀምሳ ሂያጅ እንጂ ማኅበርተኛ እንደማልባል ረጋ ብለው ነገሩኝ።

እትዬን፣ አሠሪዬን፣ መጠየቅ ግድ ሆነ። ባለቤቱና ማሰሪያ አንቀጹ የተስማማ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳሰናዳ ሰነበትኩ። ፊታቸው ስቆም «እትዬ፣ ማኅበር ደረሰብኝ» ብቻ ወጣኝ፤ ወገቤን አመመኝ እንደማለት። ፈቀዱልኝ። ግን ማድ ቤት ይሁን፣ የሳሎኑ ምንጣፍ ገና መታጠቡ ነው አሉ።

በቀኑ ማኅበርተኞቹ በዱካ፣ በተገለበጠ ባልዲና በድንች ጆንያ ላይ ተደላደሉ። ከአረብ አገር ተመላሿ በባጃጅ መጣች፤ ከገሳይ ከተማ ያስመጣቻት ሠራተኛዋ ዳቦውን ተሸክማ ትከተላታለች። እትዬ በመስኮት ጫማዋን አዩና ወጥተው፣ እንዴት እዚህ ጭስ ውስጥ ትቀመጫለሽ ብለው ወደ ሳሎን ይዘዋት ገቡ።

የገሳይዋ ልጅ በሩ ላይ ቀረች። ማኅበርተኛ አይደለች፣ እንግዳ አይደለች። አንዷ ውኃ አቀብይኝ አለቻት፤ ሌላዋ በሩን ገርበብ አድርጊው፤ ሦስተኛዋ መልሰሽ ክፈቺው። ማዘዝ ይህን ያህል እንደሚጥመን አላውቅም ነበር።

ጸሎቱ ደርሶ ዳቦው ሲቆረስ እትዬ በመስኮት ተጣሩ፤ የእንግዳቸው ድርሻ ሳሎን ይምጣ። ዋንጫውን ይዤ ብድግ ስል ሙሴ እጄን ያዙኝ።

«ጽዋ ሰው አይከተልም። ሰው ነው ወደ ጽዋ የሚመጣ።»

ይህን ሳሎን ድረስ ማድረስ የእኔ ሥራ ሆነ። እትዬ ከተቆጡ ተራዬም እንጀራዬም አብረው መሄዳቸው ነው። ቃሉን እንዳለ አደረስኩት፤ አንድ ፊደል አላጎደልኩም፣ አላከልኩም። ተመላሿ ኪዳነ ምሕረትን ትፈራለች፤ ቀሚሷን ሰብስባ መጥታ ድንቹ ላይ ተቀመጠች። እትዬም ከቴሌቪዥኑ ጋር ብቻቸውን ቢቀሩ ጊዜ ተከትለው መጡ።

«ሳሎን እኮ ይሻላችሁ ነበር» አሉ እትዬ፣ የቀረውን ባልዲ በጎሪጥ እያዩ።

«ምንጣፉን እንዳናቆሽሸው ብለን ነው» አሉ ሙሴ። «የማጥበው እኔ ነኛ።»

እትዬ ባልዲው ላይ ተቀመጡ።

የቀረው ማስረከብ ነው። ጽዋውን ለቀጣዩ ወር የምትረከብ ካልተገኘች ድግሱ እንዳልተደገሰ ይቆጠራል። ሙሴ ተረካቢ ጠየቁ። መጪው ወር የሠርግ ወር ነው፤ ጋጋሪውም አጣቢውም ፋታ የለውም። እያንዳንዷ ነጠላዋን ማስተካከል ያዘች። እኔ ጽዋውን እንዳቀፍኩ ቆምኩ።

ይሄኔ የገሳይዋ ልጅ ከበሩ ገብታ፣ ጎንበስ ብላ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«አንቺ ደግሞ የት ቤት ልትደግሺ ነው?» አለቻት አሠሪዋ።

«እርስዎ ቤት ነዋ፣ እትዬ» አለች፣ አሠሪዋን።

ሴቱ ሁሉ በነጠላው አፉን ያዘ። ሙሴ አልሳቁም፤ ዓይናቸውን ወደ እኔ መልሰው አስረክቢያት አሉኝ። አስረከብኳት። ተራዬን ተወጣሁ።

ባጃጁ ሲመጣ ልጅቱ ጽዋውን እንዳቀፈች ቀድማ ገባች፤ ጽዋ የያዘች አትቀደምማ። አሠሪዋ ውጭ ቆማ፣ ማድ ቤቷ የዶሮ ቆጥ እንደሚያክል እያነሳች እትዬን ታማክራለች። እትዬ ከልባቸው አዘኑላት።

«ታዲያ ሳሎን አለሽ አይደል?» አሏት።