ነቀርሳ ያሉኝ ቀን

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ወገኖቼ! ዛሬ ምስጋና አፍኖኝ ነው የቆምኩት። ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀመጥ ይቆጨኛል። ከስልኩ ልጀምር።

ከምዕራብ ዓባያ የእህቶች ጸሎት በሚኒባስ ስንመለስ ነው። እግራችን ሥር ሁሉ ሙዝ፣ እኛ እየዘመርን። ስልኬ ጮኸ፤ የሆስፒታሉ ሲስተር ናት። አንገቴ ላይ፣ ከጆሮዬ ዝቅ ብሎ፣ እብጠት ወጥቶብኝ ነበር። ስለማያመኝ ለወራት በሻሽ ሸፍኜ ዝም አልኩት፤ ሲያድግና አጠገቡ ሌላ ሲጨመርበት ነው በመርፌ ናሙና የሰጠሁት።

«ለሊሴ፣ ውጤትሽ ደርሷል። የእጢ ነቀርሳ ነው። ነገ መጥተሽ...»

«ነቀርሳ!» ብዬ ጮህኩና ስልኩን ዘጋሁት።

ዝማሬው ቀጥ አለ። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስያዘ። «ካንሰር ነው በሉኛ!» አለች አንዷ፤ ሌላዋ «በኢየሱስ ስም!» እያለች መገሠጽ ጀመረች። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር እስክንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።

እኔ ተወልጄ ያደግኩት ነቀምቴ ነው፤ አርባ ምንጭ ያመጣኝ ሥራ ነው። በእኛ ሰፈር ነቀርሳ ከተባለ ካንሰር ነው፣ አለቀ። እናቴ በስልክ «ነይ ልጄ፣ እዚህ የሚተኩስ ሰው አለ፣ በእሳት ያጠፋዋል» አለችኝ። ሻንጣዬን ማሰር ጀመርኩ። ልድን ብዬ አይደለም፤ አገሬ ልሙት ብዬ ነው።

አከራዬ እማማ አበራሽ የጨንቻ ሰው ናቸው። ሲቆጡ አማርኛው ያመልጣቸውና ሴቷንም «አንተ» ይላሉ። በሩ ላይ ቆመው ሻንጣዬን አዩት።

«አንተ! ወዴት ነው?»

«አገሬ ልግባ እማማ። ነቀርሳ ነው ብለውኛል።»

«የምን ነቀርሳ ብለህ ጠየቅህ?»

«ነቀርሳ ደግሞ ስንት ዓይነት አለው?»

«እኔ ሐኪም ነኝ? መሞትም ካለብህ ጠይቀህ ሙት! ተነሥ!»

እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። እጄን ይዘው ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ተራ ስንጠብቅ ነው፣ ወገኖቼ፣ ነገሩ የሆነው! ከልጅነቴ መዘምራን ውስጥ ነበርኩ፤ ጥቅሱን አውቃለሁ፣ ጾሙንም እጾማለሁ። ግን ጌታ የእናቴ ጌታ ነበር፤ የማውቀው በእሷ በኩል ነው። ያን ቀን እናቴ ሩቅ ናት። «ጌታ ሆይ፣ ካንሰርም ቢሆን የአንተ ነኝ። አሁን እኔው ራሴ መጣሁ» አልኩት። ሃሌ ሉያ! እብጠቱ እንዳለ ነው፣ ውስጤ ግን ዐረፈ! ዶክተሩ አፉን ሳይከፍት ዐረፍኩ!

ገባን። «ካንሰሩ የት ደረሰ?» አልኩ። «ካንሰር ማን አለሽ?» አለኝ ዶክተሩ።

«ነቀርሳ ብላችሁኛል እኮ!»

«የእጢ ነቀርሳ! ቲቢ ማለት ነው። ቲቢ ሳንባ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ በመድኃኒት ትድኛለሽ።»

እልል አልኩ! ቲቢ አለብሽ ተብላ እልል ያለች ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እማማ አበራሽ «ዝም በል፣ አብዷል ይሉሃል!» እያሉ እሳቸውም እልል አሉ። ዶክተሩ ሳቀ። ቆየት ብሎ ግን ኮስተር አለ፦ «ሁሉም እብጠት ካንሰር አይደለም። ግን ማንም በእጁ ዳብሶ ሊለየው አይችልም። ሁለት ሳምንት አልፎት ካልጠፋ፣ ካደገ፣ ከጠጠረ፣ ጡት ላይ ከወጣ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክሳት ካለው፣ ባያምም ይታይ። እሳትና ምላጭ ደግሞ አታስነኩት!»

ለወራት መድኃኒቴን በየቀኑ ዋጥኩ። እብጠቱ ሲጎድል ልተወው ቃጣኝ፤ እማማ አበራሽ «አንተ! ዋጥ!» እያሉ አስጨረሱኝ። ዛሬ አንገቴን እዩት! ክብር ለስሙ ይሁን! ጌታ በጸሎታችሁም ሠራ፣ በሐኪሙ እጅም ሠራ፤ ሁለቱም የእሱ ነው። እመኑት ወገኖቼ! ፍርሃታችሁን እንደያዛችሁ ቅረቡት፣ አይገፋችሁም።

አሁን አንድ ልመና አለኝ፣ በዚያች ሚኒባስ ውስጥ ለነበራችሁ እህቶች። ስታለቅሱልኝ ነጠላዬን ተከናንቤ ስለነበር ፊታችሁን አላየሁም። አንዳችሁ ግን እጄን ይዛ ብብቷን አስነካችኝ፤ ጠጣር ነገር አለ። «እኔም ጋ አለ፣ ለማንም አትንገሪ» አለችኝ በሹክሹክታ። ማን እንደሆንሽ እስከ ዛሬ አላውቅም። እህቴ፣ እዚህ ካለሽ፣ ነገ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ምንም አትበይኝ። እጄን ብቻ ያዢኝና አብረን እንግባ።