ካርድ የሌለው ባል

ባለታፔላው ዕድሜ ልኩን ለአላፊ አግዳሚ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። የዳቦ ቤቱ፣ የመድኃኒት ቤቱ፣ የጋራዡ፣ "መኪና ማቆም ክልክል ነው" የሚለውም ሳይቀር በሰፈሩ የተጻፈው በእሱ ብሩሽ ነው። ደንበኛ መጥቶ "አድራሻውንም፣ ስልኩንም፣ የምሸጠውን ዕቃ ሁሉ ጻፍልኝ" ሲለው ቱግ ይላል። "ወንድሜ፣ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ያነብሃል እንጂ አያጠናህም!" ብሎ ግማሹን ያስጥለዋል። ደንበኛው አኩርፎ ይሄድና ሌላ ዘንድ ዋጋ ጠይቆ ተመልሶ ይመጣል።

ሚስቱ ደግሞ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርታለች። በዚያ ክፍል ሕጉ አንድ ነው፤ ካርዱ ካልተገኘ ታካሚው የለም። ሰውየው መስኮቱ ላይ ተደግፎ ቢያቃስትም የለም። እሷ ግን ካርዱን ፍለጋ ከመነሣቷ በፊት ሰውየውን በፊቱ ትለየዋለች፤ "እናትህ ናት በስኳር የምትመላለሰው አይደል? ተሻላት?" ትላለች። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ማወቅ የፈለገ ሁሉ እሷን ነበር የሚጠይቀው። ሰፈሩ "መዝገብ" የሚል ቅጽል ስም አውጥቶላት እሱው ጸናባት።

እንግዲህ መርሳት የጀመረችው ያቺ መዝገብ ናት። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የተጣደ ድስት፣ ከዚያ ሰው። ሐኪሙ በሽታው ወደኋላ የማይመለስ መሆኑን ሲነግራቸው አንገቷን እየነቀነቀች በጥሞና ሰማችው። ደጅ እንደወጡ "ያ ሰውዬ ምን አለን?" ብላ ጠየቀች። ባለታፔላው "ደህና ናት ብሏል" አላት።

መርሳቷ ሳይሆን መፍራቷ ነው እሱን ያንገበገበው። በር በተንኳኳ ቁጥር ክው ትላለች። የመጣው ሰው ዘመድ ይሁን ጠላት፣ ይሳም ይባረር አታውቅም፤ ስለዚህ መኝታ ቤት ገብታ ትደበቃለች። ሰው ሲመጣ ወንበር ለመሳብ የምትሽቀዳደም ሴት በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ ስትደበቅ ማየት አንጀት ይበላል። ባለታፔላው በልቡ የወሰነው አንድ ነገር ነው፤ የምትረሳውን ትርሳ፣ ፈርታ ግን አትኖርም።

ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው ለእረፍት መጥታ ይህን አየችና አንድ መላ አመጣች። የማስታወሻ አፕ ነው። በኮምፒውተሯ ላይ ሠንጠረዥ ሠርታ ቤት የሚመጣውን ሰው ሁሉ በየረድፉ አስገባች፤ ፎቶው፣ ምኗ እንደሆነ፣ ሥራው፣ ምን እንደሚጠየቅ፣ ምን እንደማይነሣበት።

"ዳታቤዝ ይባላል አባዬ" አለችው።

"ስሙ እንኳ ይቅርብኝ፤ ይሠራል ወይ?"

"ይሠራል። እማዬ በሩን ከመክፈቷ በፊት ስልኳ ላይ ታየዋለች።"

በኮምፒውተሩ ላይ ሲያዩት እውነትም ጥርት ያለ ነበር። መዝገብም ካርድ ክፍሏን መልሳ ያገኘች ይመስል ደስ አላት። ልጅቷ እናቷን ስማ፣ አባቷን አደራ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጉዱ የመጣው በስልኩ ነው። ያ ሁሉ ሠንጠረዥ መዳፍ በማታክል ነገር ውስጥ ልግባ ሲል ፊደሉ ጉንዳን አከለ፤ ዓምዶቹ ተጣበቡ፤ ጽሑፉ ሁሉ መሐል ላይ እየተቆረጠ በሦስት ነጥብ ያልቃል። ባለታፔላው አላየውም ነበር። ያየው የመዝገብ እህት ልጅ ልትጠይቃት የመጣች ቀን ነው። ልጃቸው በሠንጠረዡ ላይ የጻፈችው "የእህትሽ ልጅ ናት፤ ባሏ በመኪና አደጋ ሞቶባታልና ስለ እሱ አታንሺባት" የሚል ነበር። መዝገብ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰረቅ አድርጋ ስታይ ግን ያገኘችው "የእህትሽ ልጅ ናት፤ ባሏ…" የሚለውን ብቻ ነው። ፍንጭ በማግኘቷ ፊቷ በራ።

"ባልሽስ እንዴት ነው? ምነው ይዘሽው አትመጪም?" አለቻት።

የእህት ልጅ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መዝገብ አንዴ እሷን፣ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ባሏን እያየች "ምን አጠፋሁ?" አለች። መልሱን ሲነግሯት አብራ አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን አልነካም አለች።

ባለታፔላው ልጁ ዘንድ ደወለ። "ይሄ ነገርሽ ሰው ሊገድል ነው!"

"አባዬ፣ ኮምፒውተር ላይ እኮ ሙሉው ይታያል።"

"እናትሽ ታዲያ ኮምፒውተር ተሸክማ ነው በር የምትከፍተው?"

ልጅቷ ጥፋቷ ገባት። ከዚያ እሷ ከዚያ ማዶ እየነገረች፣ እሱ ከዚህ ማዶ እየነካ፣ እየተሳሳተ፣ እየተራገመ ሥራው ተጀመረ። ሠንጠረዡን ወደ ካርድ ለወጡት፤ ለአንድ ሰው አንድ ገጽ። የማያስፈልጉትን ዓምዶች ደበቁ። ፊደሉን አሳደጉ። አንዴ ሁሉም ነገር ድርግም ብሎ ጠፍቶበት ስልኩን ከግድግዳ ሊያጋጨው ሲል "የመመለሻዋን ቀስት ንካ አባዬ፣ ቀስቷን!" ብላ ጮኸችበት።

እንዲያም ሆኖ ሰዎቹ ሁሉ በሚደረደሩበት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስልኩ ከእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሦስት ቃል ያሳይና ቀሪውን ይቆርጣል። ይህን ልጅቷም ልታስተካክለው አልቻለችም። ባለታፔላው ግን የአውቶቡሱን ተሳፋሪ ያውቀዋል። የቀለም ቆርቆሮዎቹ መሐል ተቀምጦ ሁሉንም እንደገና ጻፋቸው። የሚያስፈልገው ከፊት፣ ቢቆረጥ የማይጎዳው ከኋላ። "ባሏ ሞቷል። የእህትሽ ልጅ ናት። እቀፊያት።" "ጎረቤትሽ ናት። ልብስ ሰፊ ናት። ፈገግ በይላት።" ማዶ ለሚኖረው ጡረተኛ ደግሞ "ወሬኛ ነው። አዎ አዎ በይው።"

የእህቷ ልጅ ዳግመኛ የመጣች ዕለት መዝገብ ስልኳን አይታ በሩን ከፈተች፤ ምንም ሳትናገር እቅፍ አደረገቻት። የእህት ልጇም ትከሻዋ ላይ ተደፍታ ልቧ እስኪወጣለት አለቀሰች። ባለታፔላው ጓሮ ወጥቶ አፍንጫውን ተናፈጠ። ከዚያ ወዲያ ሰዉ "መዝገብ ተሻላት" ይል ጀመር፤ እሱም አላስተባበለም። እንዲያውም ደረቱን ነፋ አደረገ፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ነው።

አንድ ቀን የፀጉር አስተካካዩን ታፔላ ሰቅሎ ለምሳ ተመለሰ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳ። መዝገብ በሰንሰለቱ ልክ ገርበብ አደረገችው፤ ስልኩ እጇ ላይ ነው።

"ማን ልበል?"

"እኔ ነኝ። ክፈቺው ባክሽ፣ ርቦኛል።"

"አንድ ጊዜ ይታገሡኝ" አለችና ካርዶቹን ታገላብጥ ጀመር። ፎቶውን ታያለች፣ ፊቱን ታያለች፣ ታሳልፋለች። አልቸኮለችም፤ ሁሉንም አየች። ከዚያ በዚያ በድሮው የመስኮት ድምጿ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ካርድዎ የለም" አለችው።

ባለታፔላው ቀልድ መሰለውና ሳቀ። "ታዲያ አዲስ አውጪልኛ!"

"አዲስ ካርድ የሚወጣው ጠዋት ነው" አለችና በሩን ዘጋችው።

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጽፏል፤ ቆጣሪ የሚያነበውን ሳይቀር። ራሱን ግን አልጻፈም። መቼም የገዛ ቤቱ ውስጥ "ቤት" የሚል ታፔላ የሚሰቅል የለም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ቀለም የነካውን እጁን ሲያሽ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ መጣች። ካርድ ስላላት ተከፈተላት፤ ፈገግታም አገኘች። እሱ እንደ ዕቃዋ ተከትሏት ገባ።

ዕለቱን ልብስ ሰፊዋ ፎቶ አነሣችውና የራሱን ካርድ ጻፈ። "ባልሽ ነኝ።" ለዚህ ማሰብም አላስፈለገውም። በማግስቱ ጠዋት መዝገብ ካርዱን አነበበች። ቀና ብላ አየችው። ተነሥታ በእሷና በእሱ መካከል ወንበር አቆመች።

"ባሌ ሥራ ላይ ነው" አለች። "ታፔላ ሊሰቅል ወጥቷል። ወጣት ነው፤ ፀጉሩም ጥቁር ነው። እርስዎ ማን ነኝ ብለው ነው በእሱ ቦታ የሚጻፉት?"

"እኔው ነኝ እኮ፤ አርጅቼ ነው እንጂ—"

"እንዳይጠጉኝ!"

መኝታ ቤት ገብታ ቆለፈች። ባለታፔላው ያቆመችውን ወንበር ወደ ቦታው መለሰ። ሌላ ወዳ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ የምትጠብቀው እሱን ነው፣ የምትፈራውም እሱን ነው።

ልጁ ዘንድ ደወለ። "አባዬ፣ የጻፍከው እውነት ነው፤ ትለምደዋለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትሉኝ አልነበር?" አለችው እያለቀሰች።

"ለእናትሽ እያደር የሚጠራ ነገር የለም፣ ልጄ።"

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጠም፤ ጨመረበት። የሠርጋቸውን ነገር ጻፈ። የልጃቸውን ልደት ጻፈ። ቤቱን ከመሠረቱ አብረው ማቆማቸውን፣ የሞተባቸውን የበኩር ልጅ፣ በጀርባዋ ያለውን ጠባሳ። ለሰው አንድ ቃል የሚሰስት ሰው ለራሱ ሲሆን ማቆም አቃተው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፤ መዝገብ ባነበበች ቁጥር ባሰባት። "ይህን ሁሉ ስለ እኔ ማን ነገረው? ምን ሊያደርገኝ ነው?" እያለች ለልብስ ሰፊዋ ታንሾካሹካለች። እሱ ባለበት እህል አልቀምስም አለች። ጉንጯ ጎደጎደ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እሷ መኝታ ቤት ቆልፋ እንደተቀመጠች፣ እሱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስልኳን ይዞ ተቀመጠ። ጠባሳውን አጠፋ። የሞተውን ልጅ አጠፋ። ቤቱን አጠፋ፣ ልደቱን አጠፋ፣ ሠርጉን አጠፋ። "ባልሽ" የምትለው ብቻዋን ቀረች። በሕይወቱ ስንት ታፔላ ፍቋል፤ ነጋዴ ሲከስር፣ ሽርክና ሲፈርስ የሚጠራው እሱ ነበር። አሁን ግን ጣቱ አልታዘዝ አለው። ድምፁ እንዳይሰማት ክንዱን ነክሶ አለቀሰ። ሲወጣለት አጠፋት።

በቦታዋ "የቤት ሠራተኛ ነው። ደግ ነው። አትፍሪው" ብሎ ጻፈ። "ደግ ነው" የምትለዋን ጽፎ ሰረዛት፤ ራሱን ማወደስ አልለመደበትም። ግን ያስፈልጋታል ብሎ መለሳት።

ስልኩን መኝታ ቤቱ በር ሥር አስቀምጦ፣ አንኳኩቶ፣ ራቅ ብሎ ቆመ። በሩ ተከፈተ። መዝገብ ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው። ቀና ስትል ትከሻዋ ረግቶ ነበር።

"ታዲያ ቀድመው አይናገሩም?" አለችው። "አስደነገጡኝ እኮ!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤት" አላት። ከተዋወቁ ጀምሮ አንቱ ብሏት አያውቅም።

"ምሳ በልተዋል?"

"አልበላሁም።"

እጇን አጣጥባ ሾርባውን አሞቀች፤ ዳቦ ቆረሰች። ወንበር ለመሳብ እንደ ድሮዋ ተሽቀዳደመች። ሦስት ሰሃን አወጣች። ባለታፔላው ልማድ ሆኖበት ግድግዳውን ተደግፎ ወደሚቀመጥበት ወደ ራሱ ወንበር ሲሄድ ክንዱን ቀስ አድርጋ ያዘችው።

"እሱ የባለቤቴ ቦታ ነው። አይቀየሙኝ፤ ርቦት ነው የሚመጣው።"

ወደ በሩ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሷ ለሦስቱም ቀዳች፤ ትልቁን ቁራሽ ዳቦ ማንም ከሌለበት ሰሃን ጎን አደረገችው። ደጅ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ጆሮዋን ታቆማለች።

"ዛሬ ምነው ቆየ" አለች። "ቁጡ ነው እንጂ ጥሩ ሰው ነው። ሲመጣ አስተዋውቅዎታለሁ፤ ይወድዎታል።"

"ይምጣ" አለ ባለታፔላው፤ አቀርቅሮ የቀረበለትን ሾርባ መጠጣት ጀመረ። እሷም ስትበላ አየ። ብዙ በላች። የባሏን ሾርባ እንዳይቀዘቅዝ በሰሃን ከደነችለት።