ያልተላጠ እንጨት

ሞጣ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ስለ ጢንዚዛ የማውቀው ከመጽሐፍ ነበር። በደንብ ያወቅሁት ግን ቢቸና፣ እናቴ ቤት፣ አባቴ ከሞቱ በኋላ ነው።

አባቴን የገደላቸው የጉበት በሽታ ነው። እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ሲያርሱ ስለነበር ሕመማቸውን ማንም አልጠረጠረም። ከሞቱ በኋላ ግን ጎረቤቱ ሁሉ «ፊታቸው ጠቁሮ ነበር እኮ» ማለት ጀመረ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይህን የሰማች እናቴ ራሷን ይቅር ማለት አቃታት። «ከአንድ ገበታ እየበላሁ እንዴት አላይም?» ትላለች። ለቅሶ ሊደርስ ለመጣው ሁሉ ትላለች፤ ብቻዋን ስትሆንም ትላለች። «እማ፣ በቃሽ!» ያልኳትም ጊዜ አለ።

ለተዝካሩ ዳስ ጎረቤቶች አባቴ የተከሉትን ባሕር ዛፍ ቆረጡ። በእኛ ዘንድ የቤት እንጨት በተቆረጠበት ቀን ይላጣል። የዳስ እንጨት ግን አይላጥም፤ ካህናቱ ጸልየው፣ እድምተኛው በልቶ ጠጥቶ ሲሄድ ለሚፈርስ ነገር ማን ይደክማል? ዳሱ ሲፈርስ እናቴ «እንጨቱን ማገዶ እናድርገው» ያለውን ሁሉ ተቆጣች። አባቴ እኔ ስመጣ የማርፍባት አንዲት ክፍል ሊሠሩ ያስቡ ነበርና በዚያው እንጨት ትሠራ አለች። አናጢ እስኪገኝ ታዲያ ከነቅርፊቱ ጓሮ ተከምሮ ከረመ።

ባለ ረጅም ቀንዱ ጢንዚዛ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አዲስ የተቆረጠ ወይም ውኃ የጠማው ባሕር ዛፍ ከሩቅ ይሸተዋል። ሴቷ እንቁላሏን ቅርፊቱ ሥር ትጥላለች። የሚፈለፈለው ነጭ ትል ከቅርፊቱ በታች ያለውን ለስላሳ ክፍል እየዞረ ይበላል፤ ያለፈበትንም መንገድ በእንጨት ብናኝ እየደፈነ ይሄዳል። ኋላ ወደ እንጨቱ ውስጥ ይዘልቅና መልኩን ለውጦ፣ ከገላው የሚረዝም ቀንድ አብቅሎ፣ ሞላላ ቀዳዳ በስቶ ይወጣል። ክፋት የለበትም፤ እንጀራው ነው።

ቅርፊቱ ደርቆ አልላጥ ስላለ ክፍሏ ከነቅርፊቱ ቆመች። ለበዓል ስሄድ ቀትር ላይ ጋደም ብዬ ሰማሁት፤ ቅርጥ፣ ቅርጥ፣ ቅርጥ። የምሰሶውን ቅርፊት በቢላ ስፈለቅቀው ብናኙ እግሬ ላይ ተዘረገፈ። አናጢው መጥቶ አየና «ይፍረስ፤ ሰው ላይ ይወርዳል» አለ። እናቴ አላለቀሰችም። ምሰሶው ሥር ቁጭ ብላ ትሉ የሄደበትን መንገድ በጣቷ ትከተል ጀመር።

«አንች አስተማሪ ነሽ» አለችኝ። «እንዲህ ውስጡ ሲበላ ከውጭ ያስታውቃል?»

ያስታውቃል። ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ ሲያንኳኩትም ድምፁ ባዶ ይሆናል። የሚያውቅ ሰው አይስተውም።

«አያስታውቅም፣ እማ» አልኳት። «ሐኪምም ቢሆን አያይም።»

ስለ ምሰሶው ጠይቃኝ ስለ አባቴ እንደመለስኩላት የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ሱሪያቸው ሲሰፋቸው ወገቡን ያጠበብኩት እኔ ነኝ» አለች። «መርፌዬን ይዤ ‹እርሻው አከሳዎት› እያልኩ እስቅባቸው ነበር።»