ሠራተኛ የሆነችው ላም

ፍሪስላንድ ውስጥ ባለው የወተት ማኅበራችን ቢሮ፣ መስኮቱ ሥር አንድ የኮንትራት ፕሮግራመር ይቀመጣል። ስሙን የጠየቀው የለም። ሹራቡ ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ምሳው ዘወትር ዳቦና አይብ ነው። ሥራው ኮምፒውተር ውስጥ ዝምድና የሌላቸውን ነገሮች አንዱን ወደ ሌላው መቀየር ነው። አለቃችን ሲትስኬ ለላሞቹ ሌላ ፕሮግራም መግዛት ስላንገበገባት «እኛ ያለንበት የሠራተኞች መዝገብ ውስጥ ሠራተኛ አድርገህ አስገባቸው» አለችው።

«ላምና ሠራተኛ እኮ አይዛመዱም።»

«ስም አላቸው፣ የልደት ቀን አላቸው፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«ወተታቸውስ? ሠራተኛ ላይ የት ልጻፈው?»

«ተወው ወተቱን!»

ወተቱን ትቶ የሚገጥመውን ገለበጠ። ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩ ለሁላችንም «የባልደረባችሁ የቦንቴ ልደት ነው፤ እንደ ደንባችን ኬክ ታመጣለች» ብሎ ላከ። ቦንቴ ላም ናት! ቢሮው ሲያውካካ፣ እሱ ከቦርሳው ኬክ አውጥቶ በጥንቃቄ ይቆርስ ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ ለላም ትደግሳለህ እንዴ?» አልኩት።

«የሷ የልደት ቀን ብቻ ባዶ ነበር፤ የኔን ሰጠኋት» አለ ቀና ሳይል። «እኔማ ኮንትራት ስለሆንኩ የተመዘገብኩት ለቢሮው ወረቀት ከሚያቀርቡት ነጋዴዎች ጋር ነው። እዚያ ልደት የሚጻፍበት ቦታ የለም።»